ቁጥር ሰባትን የሰረዝኩት እኔ ነኝ

ስልኬ ሲጠራ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ቆሜ ሱሪዬን እያስጠበብኩ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰውነቴ ቀንሷል፤ ቀበቶም ቢሆን በአዲስ ቀዳዳ ነው የሚይዘኝ። በዚያ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ሲንጫጩ ሰው ከሰው አይደማመጥም። አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"አቶ ጌታቸው ነዎት? ሰላም እባላለሁ፤ ኢንጂነር ነኝ። ከአዲስ አበባ ነው የምደውልልዎት።"

"አቤት ልጄ።"

"በከተማው ባቡር መስመር ላይ ተጨማሪ ጣቢያ የት የት ሊገባ እንደሚችል እንደገና እያጠናን ነው። የድሮው ጥናት ፋይል እጄ ገብቶ የእርስዎን ፊርማ አየሁበት።"

"ይኖርበታል።"

"ዘጠኝ ቦታ ነው የተጠቆመው። አምስቱ ይሆናሉ ተብለዋል፤ ሦስቱ በቁልቁለት ምክንያት ወድቀዋል። ቁጥር ሰባት ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ 'ተሳፋሪ የለውም' ተብሎ ተጽፎበታል። ቦታውን ሄጄ አየሁት። ሐዲዱ ቀጥ ያለ፣ መሬቱ ሜዳ፤ ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው። ለምን እንደተሰረዘ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።"

እሷ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት "ሃሎ፣ ሃሎ" ስትል ሰማኋት። "በጽሑፍ እልክልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ሰፊው ልጅ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ "ምነው ጋሼ፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ?" አለኝ። የቆየ ወሬ ነው አልኩት።

ለኢንጂነር ሰላም የጻፍኩት ደብዳቤ አንድ ገጽ አልሞላም። ይህ የማወራው ደብዳቤው ውስጥ ያልገባው ነው።

የተወለድኩት ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። ቅድመ አያቴ በወታደርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝ ሲል አባቴ እጄን ይዘው በከተማው የቅየሳ ሥራ ወደሚሠሩ አንድ ሰው ወሰዱኝና "ይኸውልዎት፣ ጠንካራ እግር አለው፤ ሌላ ነገር የለውም" ብለው አስረከቡኝ። እኚያ ሰው አው ዩሱፍ ነበሩ። "አው" ሐረሪዎች ትልቅ ሰው የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው፤ እኛም ክርስቲያኖቹ እንደዚያው እንላቸው ነበር። አው ዩሱፍ ከእግሬ ጀምረው አዩኝና "እግር ካለው ይበቃል፤ የቀረውን እንሞክራለን" አሉ።

ሥራዬ ሜትር መጎተትና ካስማ መትከል ነበር። ስለ ደሞዙ አላወራም፤ እናቴ ስትሰማ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ገባች፣ ያ ይበቃል።

አው ዩሱፍ አጭር፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸው ሁልጊዜ የታጠበ ሰው ነበሩ። ሲራመዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ነው። ሰላምታ የሰጣቸው ሰው መልስ የሚያገኘው አሥር እርምጃ አልፈውት ከሄዱ በኋላ ነው፤ ቆም ብለው ዞረው "ወአለይኩም ሰላም" ይላሉ፣ ቁጥሩን ከያዙ በኋላ። አንድ ቦታ ስንት ሰው እንደሚያልፍበት ለማወቅ ሲፈልጉ ደግሞ ወረቀት አይዙም። የቀኝ ኪሳቸውን ኦቾሎኒ ይሞሉና ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። አሥር ሰው ሲያልፍ አንዷን ኦቾሎኒ ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራው ያሻግራሉ። ቢሮ ስንገባ የግራውን ኪስ ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ይቆጥራሉ፣ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ከዚያ እየፈለፈሉ ይበላሉ። "በል ብላ፤ የፈላና በር ሕዝብ ነው" ይሉኛል እፍኙን እየዘረጉ።

ለምን እንደ ሰው በወረቀት እንደማይቆጥሩ ጠየቅኳቸው።

"ወረቀት የያዘ ሰው በር ላይ ተቀምጦ ሲያይ ገበሬው ምን ይላል? ግብር መጣ ይላል። በሌላ በር ዞሮ ይገባል። አንተ ደግሞ ሰው የለም ብለህ ትጽፋለህ።"

ፈላና በር ከጀጎል በሮች አንዱ ነው። እዚያ አካባቢ ለፔጆ ታክሲዎች መቆሚያ እንዲመረጥ ሲታዘዝ የቢሮው አለቃ መኪና ለመዞር የሚመቸውን ሰፊ ቦታ አስምረው ጨርሰው ነበር። አው ዩሱፍ ግን አራት ቀን ሙሉ ከኦቾሎኒያቸው ጋር ተቀመጡ። ከገጠር እንጨት ተሸክመው የሚመጡት የኦሮሞ ሴቶች ከበሩ ወረድ ብሎ ካለ አንድ ድንጋይ ላይ ሸክማቸውን ያሳርፋሉ፣ ወገባቸውን ያቃናሉ፣ ከዚያ ነው ወደ ውስጥ የሚገቡት። አው ዩሱፍ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለው በኦሮምኛ አዋሯቸው፤ ሴቶቹም ሳቁባቸው፣ እሳቸውም ሳቁ። አምስተኛው ቀን አለቃው ፊት ቆመው "እርስዎ ያሉት ቦታ ለመኪና ነው የሚመቸው። ሰዉ ሸክሙን የሚያወርደው አርባ እርምጃ ወረድ ብሎ ነው። እላይ ካቆምነው ወላሂ ታክሲው ብቻውን ነው የሚቆመው" አሉ። አለቃው ትንሽ ተነጫንጨው ተዉት። መቆሚያው ከድንጋዩ አጠገብ ሆነ።

እንዲህ ያለውን ሁሉ በአፍ አላስተማሩኝም፤ እያየሁ ነው የለመድኩት። በአፍ ደጋግመው የነገሩኝ አንድ ነገር በበዓል ቀን እንዳልቆጥር ነው።

"በበዓል የሚመጣው ሕዝብ ማግስቱን የለም" ይሉኝ ነበር። "በሱ ቆጥረህ ከሠራህ ዓመቱን ሙሉ ባዶ የሚውል ነገር ትሠራለህ። ማክሰኞን ቁጠር፣ ረቡዕን ቁጠር። ምንም የሌለበትን ቀን ቁጠር።"

እሳቸው ራሳቸው ዓርብ ቀን፣ ወይም በከተማው ካሉት ቅዱሳን መቃብሮች በአንዱ ዚያራ ለሚባለው ጉብኝት ሰው የሚወጣበት ቀን ሲሆን፣ ደብተራቸውን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋሉ። ኪሳቸው ባዶ ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ በሩ ይወጣሉ። ለዱዓ ነው የሚሄዱት እል ነበር።

በሐረር ባቡር የለም። ሐዲዱ በጥንት ጊዜ ይህን ተራራ መውጣት አቅቶት ድሬዳዋ ላይ ሐረርን ትቷት አለፈ። አው ዩሱፍ ግን ይህን የሚያክል ነገር ለመተው ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ከሥራ ስንመለስ ሐኪም ጋራን እያዩ "ባቡሩ ቢመጣ የት ታቆመዋለህ?" ይሉኛል። አንድ ቦታ እጠቁማለሁ። "እዚያ ቁልቁለት ነው፤ ቆሞ ሊነሳ ሲል ይንሸራተታል። ሌላ።" ሌላ እጠቁማለሁ። "እዚያ ማን አለ? ዝንጀሮ ነው የሚሳፈረው?" እንዲህ እያልን ነበር ቤታችን የምንደርሰው።

ከሐረር ከወጣሁ በኋላ ብዙ ዓመት በመንገድ ሥራ ዞርኩ። ባቢሌ፣ ጅጅጋ፣ ከዚያም ምዕራብ። አለቆቼ የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው፤ አንዱ ሲናደድ የራስ ቆቡን መሬት ይወረውር ነበር፣ እኛም ከየት እንደምናነሳለት አውቀን እናድር ነበር። በማታ ተምሬ ዲፕሎማ ያዝኩ። ጸጉሬ መመለጥ ሲጀምር አዲስ አበባ ገብቼ፣ በከተማው ባቡር ላይ ጣቢያ መጨመር ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና ሥራ የተሰጠው አንድ የግል ቡድን ውስጥ ተቀጠርኩ። ለአው ዩሱፍ ደወልኩላቸው። ስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሳቁ። "ወላሂ አንተ ደረስክበት። በል እንግዲህ ለዝንጀሮ እንዳታቆም" አሉኝ።

ከሩቅ ለሚያየው ጣቢያ መጨመር ቀላል ይመስላል፤ ሐዲዱ አለ፣ ባቡሩ አለ፣ መቆሚያ መሥራት ነው። እንደሱ አይደለም። ባቡሩ የሚቆምበት ቦታ ከራሱ ርዝመት በላይ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ከታጠፈ በበሩና በመቆሚያው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ የልጅ እግር ይገባበታል። ሜዳ መሆን አለበት። ካለፈው ጣቢያ በጣም ከቀረበ ባቡሩ ፍጥነት ሳይዝ ፍሬን ይይዛል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ባቡሩ አንድ ቦታ በቆመ ቁጥር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጊዜውን ያጣል። ስለዚህ አዲሱ ጣቢያ ከእግር ጉዞ የሚያሳርፈው ሰው ይህን የሚያካክስ ያህል ብዙ መሆን አለበት። ያንን ለማወቅ ቆሞ መቁጠር ነው፤ የኔም ሥራ ይኸው ነበር።

ቁጥር ሰባት ብለን የሰየምነው ቦታ ሁለት ተራርቀው በተሠሩ ጣቢያዎች መካከል ነው። ሐዲዱ ግራና ቀኝ በብረት አጥር ታጥሯል፤ መሻገሪያ ያለው ጣቢያዎቹ ጋ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ጠበል ያለው የሚካኤል ቤተክርስቲያን አለ። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ሰው በጎን የሚያሾልክ ቀዳዳ ተበጅቶበታል፤ እግር የረገጠው ቀጭን መንገድም ወደሱ ይሄዳል። መንገዱን አየሁት። አው ዩሱፍ ያሳደጉት ሰው እንዲህ ያለ መንገድ አይቶ አያልፍም፤ እኔም በደብተሬ ጻፍኩት። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቆምኩ። ኦቾሎኒ አልያዝኩም፤ አራት ጭረት አቁሜ አምስተኛውን እያጋደምኩ በወረቀት ነው የቆጠርኩት። ጭረቱ ገጹን እንኳ አልሞላ አለ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ወደ እኔ መጡ። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ እጃቸው ሰም በሰም ነው። ስማቸው እማማ ብርቄ እንደሆነ፣ በቤተክርስቲያኑ በር ጧፍ እንደሚሸጡ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

"ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ የምትገተረው?"

"ሰው እየቆጠርኩ ነው እማማ። ባቡሩ እዚህ ጋ ይቁም ወይስ አይቁም ለማለት።"

"ታዲያ ዛሬ ማን አለና ነው የምትቆጥረው? በሚካኤል ና። በአሥራ ሁለት ና፤ ያን ጊዜ ታያለህ። ሽባው፣ ዓይነ ስውሩ፣ ልጇን ያዘለችው፣ ሁሉም ይመጣል። ከጣቢያው እስከዚህ መራመድ የሚችል መሰለህ? በዚች ቀዳዳ ነው የሚገቡት። እጃቸውን ይዤ የማሻግራቸው እኔ ነኝ። ባቡሩ እዚህ ቢቆምላቸው እኔም ባረፍኩ ነበር።"

"እማማ፣ በበዓል ቀን አይቆጠርም።"

"ለምን?"

"ቁጥሩን ያበላሻል።"

እማማ ብርቄ ትንሽ አዩኝ። "እነሱ ናቸው ቁጥር የሚያበላሹት?" አሉ። አልተቆጡም፤ በእውነት ለመረዳት የፈለጉ ይመስላሉ። ሁለት ሰው እያለፈ ስለነበር ጭረቴን ጫርኩ። "እሺ፣ አንተ ታውቃለህ፤ የተማርክ ነህ" ብለውኝ ሄዱ።

የቡድናችን ኃላፊ ንጹሕ ቁጥር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ወረቀቶቹ ሁሉ ሲሰበሰቡ ካርታውን ዘርግተው "ሰባትስ? ቦታው ጥሩ ነበር እኮ" አሉኝ።

"ሰው የለውም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሦስት ቀን ቆሜበታለሁ።"

ቀዩን እስክሪብቶ አቀበሉኝ። ሰርዤ ፊርማዬን አኖርኩ።

ስንት ወር እንዳለፈ አላስታውስም፤ ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን ዘግቶ "ያ አንተ የቆጠርክበት ቦታ፣ ባቡር ሰው ገጨ" አለኝ። ቀኑ አሥራ ሁለት ነበር። ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ አላወቅኩም። ሄጄ ነው የሰማሁት። እማማ ብርቄ አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ ሴት አሻግረው ጨርሰው ነበር። ምርኩዟ ሐዲዱ መሐል ወድቆ ቀረ። እማማ ሊያነሱላት ተመለሱ፤ አንዱ ባቡር እስኪያልፍ ጠብቀው ሲገቡ ከወዲያ በኩል ሌላው መጣ። ሴትየዋ አጥሩን ይዛ "እኔን፣ እኔን" እያለች ስታለቅስ ደረስኩ። ለምን እንደመጣሁ ማንም አልጠየቀኝም፤ የባቡሩ ሰው መሰልኳቸው።

በሚቀጥለው ወር በአሥራ ሁለት ሄድኩ። እማማ እንዳሉት ነው። ከማለዳው ጀምሮ መጡ። አንድ ሰው አባቱን በጀርባው አዝሎ መጣ። እጅ ለእጅ የተያያዙ ዓይነ ስውሮች መጡ። ጠበሉ ያድነዋል ብላ የታመመ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ የታቀፈች መጣች። ያ ሁሉ ሕዝብ በዚያች ቀዳዳ፣ አንድ በአንድ፣ ጎኑን እያስቀደመ አለፈ። የሚያሻግራቸው ሰው አልነበረም። ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ ጥቂት ጭረት ጫርኩና አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሰነዱ ለበላይ ከሄደ ቆይቷል፤ ኃላፊያችን ዘንድ ገብቼ ቆጠራው ይደገም ስላቸው "አሁን ማን ይከፍተዋል ጌታቸው?" አሉኝ። እኔም አጥብቄ አልተከራከርኩም። ፊርማው የኔ ነበርና አፈርኩ።

የበዓል ፈቃድ ጠይቄ ሐረር መጣሁ። አው ዩሱፍ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው፣ ምንጣፍ በለበሰው መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው ነው የሚውሉት። ዓይናቸው ደክሟል። ድምፄን ሲሰሙ ተነሥተው ሊያቅፉኝ ሞከሩ። ልጃቸው ፋጡማ ሻይ አቅርባልን ወጣች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ እማማ ብርቄ፣ ስለ ምርኩዙ።

ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "የትኛውን ቀን ቆጠርክ?"

"ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ። እርስዎ እንዳስተማሩኝ።"

እንዲህ ነው ያልኳቸው። በልቤ ይዤው የመጣሁት ይኸው ነበር።

አው ዩሱፍ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ያ ረቢ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ በዓርብና በዚያራ ቀን የት የምሄድ ይመስልህ ነበር?"

"ለዱዓ።"

"ዱዓማ አደርጋለሁ። ከዚያ ግን በሩ ላይ እቆም ነበር። ያለ ደብተር፣ ያለ ምንም። በአዘቦት ቀን የሚያልፈው ጤነኛው ነው፤ እሱ ባታስብለትም ይደርሳል። በዓመት፣ በወር አንድ ቀን የሚመጣው ግን ጭንቅ ያለበት ነው። ማክሰኞን የምቆጥረው ስንት ሰው እንደሆነ ለማወቅ ነው። ዓርብን የማየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው።" ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "ግማሹን ነው ያስተማርኩህ። አንዱን ነግሬህ አንዱን ሳልነግርህ ቀረሁ። የዚያች ሴት ደም በኔም ላይ ነው።"

አለቀሱ። ያን ያህል ዘመን ሳውቃቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። "አይ፣ እርስዎ ምን አደረጉ" አልኩ፤ ሰው ለወጉ እንደሚለው አድርጌ። ከዚያ በላይ አላልኩም። ሻዬን ጠጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ለወራት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር በዚያች ሰዓት ትንሽ ቀለል አለኝ።

እውነቱ ግን አው ዩሱፍ ነግረውኛል። እሳቸው ረስተውት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ፣ አንድ ሐሙስ ከቢሮ ስንወጣ "ነገ ዚያራ ነው፤ ሰው ከየገጠሩ ይመጣል። ና አብረን በሩ ላይ ቆመን እንይ፤ ለሥራህ ይጠቅምሃል" ብለውኝ ነበር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እኔ ደግሞ "አው ዩሱፍ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ፤ የእርስዎ ዚያራ ላይ ምን እሠራለሁ?" አልኳቸው። ሃይማኖት አልነበረም የያዘኝ። በማግስቱ ፈረስ መጋላ አደባባይ ካለ ካፌ ከጓደኞቼ ጋር ልቀመጥ ተቀጣጥሬ ነበር፤ አንዲት ልጅ ትመጣለች ተብሎ። እንዲያ ካልኩ እንደማይጫኑኝ አውቃለሁ። ሐረር ውስጥ ትልቅ ሰው የሌላውን ልጅ በእምነቱ አይጫንም፤ ማዶ ለማዶ ሆነን የኖርነው እንዲሁ ተጠባብቀን ነው። አው ዩሱፍም ፊታቸው ትንሽ ቀላ፣ "ይቅርታ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ" አሉኝ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ና አላሉኝም። ልጅቷም በማግስቱ አልመጣችም።

አው ዩሱፍ ከዚያ ጉብኝቴ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ለለቅሶ ስመጣ ፋጡማ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "አባቴ እስከ መጨረሻው ያንተን ነገር እንዳነሱ ነው ያለፉት" አለችኝ። "'ልጁን ግማሽ አስተምሬ ሰደድኩት' ይሉ ነበር። ሌሊትም ሲቃዡ ይህንኑ ነው። ምን አድርገው ነው እንዲህ የሚቆጫቸው?" ሰው ብዙ ነበር። አንገቴን ደፍቼ "ጥሩ አስተማሪ ነበሩ" አልኩና ተነሥቼ ወጣሁ። እኔም ሥራዬን ሠርቼ፣ ጡረታዬን ይዤ፣ እዚሁ ሐረር ገባሁ። ከቤቴ እስከ ፋጡማ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሌላ መንገድ እየዞርኩ ኖርኩ።

የኢንጂነር ሰላም ስልክ ነው ያስነሳኝ። በደብዳቤው እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት። ቁጥር ሰባትን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ አለቃ አላዘዘኝም። የአዘቦቱን ቆጠራ አትጣይው፤ ነገር ግን በአሥራ ሁለት ሄደሽ ያለ ወረቀት ቁሚ፤ ካየሽ በኋላ ሁለቱን ለየብቻ ጽፈሽ አቅርቢ። ስለ እማማ ብርቄም ጻፍኩላት። የነገሩኝንና እኔ የመለስኩላቸውን ሳልቀንስ ነገርኳት።

ከሳምንታት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፍኗል አለች፤ አሁን ሰዉ ወረድ ብሎ በሌላ ቦታ አጥሩን ተንጠላጥሎ ነው የሚሻገረው። "በአሥራ ሁለት ሄጄ ቆምኩ ጋሼ። እናቴን አስታወሱኝ። ሰባትን ከዝርዝሩ አንደኛ አድርጌዋለሁ። ይሠራ አይሠራ ግን የኔ ሥልጣን አይደለም፤ ቃል አልገባልዎትም።" አትግቢልኝ አልኳት። ቃል ሰምቼ የምጽናናበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም፤ ቢሆንም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብቻዬን አለቀስኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በፈላና በር ገባሁ። ፋጡማ በሩን ከፍታ ስታየኝ ደነገጠች፤ "ጌታቸው፣ በሰላም ነው?" አለች። እሷም አርጅታለች። አባቷ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ፊት ለፊት አስቀመጠችኝ። በለቅሶው ቀን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ ነው የመጣሁት አልኳት። ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ዚያራው፣ ሃይማኖቴን ሰበብ አድርጌ ስለቀረሁት፣ ይቅርታ ስለጠየቁኝ፣ በኋላም ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ሲወስዱት ዝም ብዬ ስላየኋቸው ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። "አባትሽ ግማሽ አላስተማሩኝም። ሙሉውን ሰጥተውኛል፤ ያልወሰድኩት እኔ ነኝ።"

ፋጡማ ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ይህን እኔ ምን አደርገዋለሁ ጌታቸው?" አለችኝ። "ለሳቸው ነበር መንገር የነበረብህ።"

እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሕይወት ነበሩ፤ ስልክም ነበራቸው።